እናቴ «ለእናንተ ስል ቻልኩ» ትላለች፤ አሁን ለእህቴም ያንኑ እየመከረቻት ነው

የደሴዋ ታናሽ (ርዕሱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ነገር ከቤታችን ውጪ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ወሬዬ ቅደም ተከተል ካጣ ታገሱኝ።

አባታችን እናታችንን ይመታት ነበር። ያደግነው ደሴ ነው። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ ማንም አይገባም። ሲብስ ሚዜዎቹ ይጠራሉ፣ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ አባቴ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል፣ እናቴ ጉልበት ስማ ይቅር ትላለች። ከዚያ እስከሚቀጥለው። አባታችን ካረፈ ቆየ። እናቴ ዛሬም «ለእናንተ ስል ነው የቻልኩት፣ ያለ አባት እንዳታድጉ» ትለናለች።

አሁን ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ባለትዳር ናት። ወንዱ ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሦስት ሊሞላት ነው። ባሏ የተማረ፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው፣ መጠጥ የሚባል የማይቀምስ፣ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። መጀመሪያ ስልኳን መፈተሽ ጀመረ። ቀጥሎ «ልጆቹን ማን ያያል» ብሎ ሥራዋን አስተዋት። ከዚያ የአስቤዛ ብር ሲሰጣት ደረሰኝ መጠየቅ። ከዚያ ጥፊ። ፋሲካ ሰሞን ደግሞ አንገቷን አንቆ ይዟታል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ገብቷል።

በቅርቡ እነሱ ቤት ሰንብቼ ነበር። የመኪናው ጡሩምባ በር ላይ ሲሰማ ልጁ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፣ የራሱንና የእህቱን ጫማ ከየቦታው ለቅሞ መደርደሪያው ላይ ያሰልፋል፣ የእናቱን ስልክ ትራስ ሥር ይከታል። ማንም አላዘዘውም። ሲጨርስ ወደ እናቱ ዞሮ «ጨርሻለሁ» ይላታል።

ለእናቴ ስነግራት «ይህኛው ቢያንስ አይጠጣም። እኔስ ችዬ አሳድጌያችሁ የለ?» አለችኝ።

ሦስተኛ ሽማግሌ እንላክ እየተባለ ነው። እኔ አልፈልግም፤ ግን በምትኩ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። እናቴንስ ሳላስቀይማት እንዴት አድርጌ ነው የማናግራት?

ቃልኪዳን ለ.

እግዚአብሔር ይርዳት እህቴ። እየተከታተልኩ ነው።

ጋሽ ተሰማ

ልጄ፣ የእናትሽን ምክር አትናቂ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽምግልና ስቀመጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትዳር ከፈረሰ በኋላ ልጆች በእንጀራ እናትና በእንጀራ አባት መሀል ሲንከራተቱ ብዙ አይቻለሁ። ባልየው ሥራ አለው፣ አይጠጣም፣ ልጆቹን ያስተምራል ብለሻል። እንዲህ ያለ ሰው በሽማግሌ ይመለሳል። እስካሁን የገቡት እሱ የማይፈራቸው ሰዎች ሆነው ይሆናል። የሚያከብረው ሰው ፈልጉ፣ ዋስ ይጥራ፣ ሁለተኛ እጁን ቢያነሳ ዋሱ ይጠየቅ። ፖሊስ ጣቢያ የደረሰ ትዳር ግን ተመልሶ ትዳር ሲሆን አላየሁም።

ሲስተር ዘድንገተኛ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዋሱም ሽማግሌውም ይቆይ። በመጀመሪያ ስለ አንገቷ እናውራ።

«አንቆ ይዟታል» የሚለውን በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠን እሱ ነው። ማነቅ ከውጪ አንዳች ምልክት ሳይተው ውስጡን ሊጎዳ ይችላል። ድምፅዋ ጎርንኖ ከሆነ፣ ስትውጥ ካመማት፣ ለአፍታም ቢሆን ራሷን ስታ ከነበረ ወይም ሽንት አምልጧት ከነበረ ጊዜው አልፏል ሳትል ትታይ። የአንገት ደም ሥር ከተጎዳ ከቀናት በኋላም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ደግሞም ሚስቱን አንቆ የሚያውቅ ሰው ኋላ ላይ የመግደል ዕድሉ ከሌላው ተማቺ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በውጭ አገር በግድያ መዝገቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ቤተሰቡ ነገሩን «ከጥፊ ትንሽ የባሰ» አድርጎ ከያዘው ተሳስቷል።

እኛ ጋ የሚመጡት «ባሌ መታኝ» ብለው አይደለም። ጨጓራዬን ይላሉ። ራሴን፣ ወገቤን፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልቤ ይመታል። ምርመራ ይታዘዛል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጣል፣ ትንሽ ቆይታ ያንኑ ይዛ ትመለሳለች። ደረጃ ላይ ወደቅኩ ያለችኝን ሴት እጅጌዋን ገልጬ አያለሁ። የወደቀ ሰው በብዛት መዳፉና ጉልበቱ ነው የሚላጠው። ፊቱን ሲከላከል የነበረ ሰው ግን ክንዱ፣ ከክርኑ በታች በውጪ በኩል ነው የሚበልዘው። ባልየው አብሮ ገብቶ ለጥያቄው ሁሉ እሱ ከመለሰልኝ «የሽንት ናሙና ስጪን» ብዬ እሷን ይዤ እወጣለሁ። ብዙው ነገር የሚነገረኝ እዚያ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ነው።

ስትታከም ማን ምን እንዳደረጋት በራሷ ቃል ካርዱ ላይ እንዲጻፍላት ትጠይቅ። ዛሬ ክስ ባትፈልግ እንኳ ነገ ብትፈልግ ያ ወረቀት ይቆያታል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ።

ድል በትግል

ሁሌ ሴት ብቻ ናት እንዴ የምትመታው? ወንዱስ? የአንድ ወገን ወሬ ሰምታችሁ ሰውየውን ገዳይ አደረጋችሁት።

ጠበቃ ነኝ፣ ጠበቃህ ግን አይደለሁም

@ድል በትግል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 «የትዳር ጓደኛ» እና እንደ ባልና ሚስት አብሮ የሚኖር ሰው ነው የሚለው፤ ጾታ አይለይም። የምትመታህ ሚስት ካለች ያው በር ላንተም ክፍት ነው። ስለ አንተ ሌላ ርዕስ ክፈት፣ መጥቼ እመልስልሃለሁ። እዚህ ግን የተጠየቀው ሌላ ነው።

ለርዕሱ ባለቤት፦ መጀመሪያ የሌለንን ልንገርሽ። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም። ሌላ አገር ፍርድ ቤት በአንድ ቀን «አጠገቧ እንዳትደርስ» ብሎ የሚሰጠው ዓይነት የጥበቃ ትእዛዝ በእኛ ሕግ በግልጽ አልተቀመጠም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽም «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል አለበት፤ ባል በሚስቱ ላይ ሲፈጽመው በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ቀላል የአካል ጉዳት ደግሞ በተበዳይ አቤቱታ የሚንቀሳቀስ ክስ ስለሆነ እሷ «ትቻለሁ» ስትል ይቆማል። ሽማግሌው ጣቢያ ድረስ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው «ክሰሽው» ብሎ ሲመክር ያናድደኛል።

ያለን ነገር ግን ቀላል አይደለም። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው ይሄ ነው፣ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እሷ ብቻዋን አመልክታ መፋታት ትችላለች፤ የእሱ ፈቃድ አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ቢሰጥ ከሦስት ወር አይበልጥም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄን ነው፦ አቤቱታው እንደገባ፣ ፍቺው ከመወሰኑ በፊት፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ እሷም መተዳደሪያ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ መስጠት አለበት። ከሁለት አንዳቸው ከቤት መውጣት ካለባቸው ደግሞ ማን ይውጣ የሚለው የልጆቹ ጥቅምና የበለጠ የሚጎዳው ወገን ታይቶ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ «ጥላ የወጣች ሁሉን ታጣለች» የሚለው የሠፈር ሕግ እንጂ የአገር ሕግ አይደለም።

ቤቱ በማን ስም ነው?

የደሴዋ ታናሽ

በእሱ ስም። ከተጋቡ በኋላ የተገዛ ኮንዶሚኒየም ነው። «አንዲት ሳንቲም የለሽበትም» ይላታል ሁልጊዜ።

ጠበቃ ነኝ፣ ጠበቃህ ግን አይደለሁም

አላት። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ራሱ ማስረዳት አለበት። ያለ እሷ ስምምነትም ሊሸጠው አይችልም። ለሌሎች አንባቢዎችም ልጨምር፦ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩም በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ሀብት ነው።

የበኩር ልጅ

እኔ የእህትሽ ልጅ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ጫማ መደርደር ሳይሆን ታናናሾቼን ጓዳ አስገብቶ ራዲዮ መክፈት ነበር። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ራዲዮ ጮክ ብሎ ሲከፈት ሆዴን ይቆርጠኛል።

ሰው ሁሉ «አባትህን ትጠላዋለህ አይደል?» ይለኛል። ለረጅም ዓመት የጠላሁት እናቴን ነው። አባቴ እንደ በረዶ ነበር፤ ይወርዳል፣ ያልፋል፣ ማንም በረዶን ለምን ወረድክ አይለውም። እሷን ግን ልትወስደን ስትችል አልወሰደችንም እል ነበር። «ለእናንተ ስል ነው» ስትለን ደግሞ እኔ የሚገባኝ ሌላ ነበር፤ የምትመታው በእኛ ምክንያት ነው ማለት ነው። እኛ ባንወለድ ኖሮ ትሄድ ነበር ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ልጅ ሆኜ ነው፣ ፊደል በቅጡ ሳልጨርስ። እሷ ፍቅር ነበር የነገረችኝ፣ እኔ የሰማሁት ዕዳ ነው።

ሚስቴን መትቻት አላውቅም። ግን ድምፅ ከፍ ሲል ጃኬቴን አንስቼ ከቤት እወጣለሁ፤ እሷ ንቀት ነው ብላ ታለቅስ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን ይመታል። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ አንድ ጓዳ ተደብቀን። «አባቱን አይቶ ነው» ይሉታል፤ እኔም ያንኑ አባት ነው ያየሁት፣ ስለዚህ ሰበብ አይሆነውም። እህታችን ደግሞ ለማንም እሺ ባይ ሆና ቀረች። የሰው ፊት አይታ ነው ቡና የምትጠጣው።

ልጁ ስድስት ዓመቱ ከሆነ ገና ነው። አሁን ከዚያ ቤት ከወጣ ጫማውን ይረሳዋል።

መምህርት ጽጌ

አጸደ ሕፃናት ነው የማስተምረው። የእነዚህ ልጆች ምልክት የሚታየኝ በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው። እንጀራ ጋገርኩ፣ ቡና አፈላሁ ይባላል፣ ከዚያ «አባት» የሆነው ልጅ ይመጣና «እናቲቱን» በጥፊ ይላታል። እሷም አትገረምም፣ የጨዋታው ሕግ ስለሚመስላት። ሌላው የሚያንቀላፋው ልጅ ነው። ሌሊት ሲያዳምጥ አድሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ሰነፍ ይባላል። ሽንት መቆጣጠር የቻለ ልጅ እንደገና መልቀቅ ሲጀምር፣ ወይም አንደበተ ርቱዕ የነበረው መንተባተብ ሲጀምር እናቲቱን ለብቻዋ እጠራታለሁ። ብዙዎቹ «እሱ እኮ ተኝቶ ነበር፣ አላየም» ይሉኛል።

በጣም የማዝነው ግን ለጨዋው ልጅ ነው። የማያስቸግረው፣ ሳይነገረው የሚታዘዘው። ያንን ልጅ ሁሉም አስተማሪ ያመሰግነዋል። የእህትሽን ልጅ ጫማ ሳነብ የታወሰኝ እሱ ነው።

እትዬ አስካለ

ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለ እናትሽ ማንም አላወራም፣ እኔ ላውራ፤ በዕድሜም የምቀርባት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እናንተ ልጆች «ለምን አልሄደችም» ትላላችሁ። ወዴት? በእኛ ጊዜ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ብሎ በቁሙ የተጻፈ ነበር። ፍቺ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች ነው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ የጋብቻው ምስክሮች የነበሩት ናቸው። ዝሙትና ጥሎ መጥፋት በሕጉ «ከባድ ምክንያት» ተብለው ተዘርዝረዋል። ዱላ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀች ደግሞ ከንብረቱ ልትቀጣ ትችላለች። ታዲያ ራሷን የተፈነከተች ሴት መጥታ ሽማግሌዎቹ «ምክንያት የላትም» ብለው መልሰው ሲልኳት መዝገቡን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አባቷ ቤት ብትመለስ ደግሞ ወንድሞቿ ሚስቶች አሏቸው፣ ጎጆው ሞልቷል፣ «ፈት» ተብላ ጓዳ ነው የምትኖረው። እናትሽ ቻልኩ ስትል ሌላ በር አልነበረኝም ማለቷም ነው።

ስለዚህ «መከራሽ ከንቱ ነበር» በሚል አትግቢባት፤ ያኔ ትዘጋለች። ያደረገችው ሁሉ ፍሬ ቢስ ነው ከተባለች ምን ቀራት? ይልቅ ብቻዋን ስትሆን፣ ስትፈትል ወይ እህል ስትለቅም፣ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ ያኔ ማን ቢመጣልሽ ትወጂ ነበር?» በይና ዝም በይ። አትርጂያት። መልሱን ራሷ ታምጣው። የምትወደው ሰው ወንድሟ ሊሆን ይችላል፣ እናቷ ልትሆን ትችላለች። ያንን ስም ከጠራች በኋላ «እኔ ደግሞ ለእህቴ እሱን ልሁን?» ማለት አይከብድም።

ቁጥር ወዳድ

እትዬ አስካለ ያሉትን የሚያጠናክር፦ በ2008ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ በሆነ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው፣ ወንዶች 28 በመቶ። የተጠየቁት ምክንያቶች ወጥ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳይነግሩ መውጣት፣ ልጅ ችላ ማለትና አልጋ ላይ እምቢ ማለት ነበሩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ በላይ። አግብተው ከሚያውቁት መካከል 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት የሚታሰብበት ኅዳር 16 በመጣ ቁጥር ነጭ ሪባን ደረታችን ላይ እንለጥፋለን፣ ግን ውይይቱ ሁልጊዜ ስለ ወንዱ እጅ ነው እንጂ «ቻይው» ስለምትለው አማት፣ አክስትና እናት አይደለም።

ድል በትግል

@ቁጥር ወዳድ፣ እና ጥፋቱ የሴቶቹ ነው ልትል ነው?

ቁጥር ወዳድ

አይደለም። የሚመታው የሚመታው ነው። እኔ ያልኩት ተመትታ የምትሄድበት ቤት ውስጥ ማን እንደሚጠብቃት ነው።

ሰላም ቨርጂኒያ

ከአሜሪካ ነኝ። በጋብቻ ነው የመጣሁት፣ ሁለት ዓመት የሚያገለግለው ግሪን ካርድ ተሰጥቶኝ። «አንድ ስልክ ብደውል ነገ ቦሌ ነሽ» ይለኝ ነበር። ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነና የሚያጠቃት ሴት (ወንድም ቢሆን) እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። የሁለት ዓመቱን ካርድ ቋሚ ለማድረግም በጥቃት ምክንያት ያለ እሱ ፊርማ ይቻላል። እዚህ ላላችሁ እህቶች ብዬ ነው።

ስለ ልጆች ግን ልጨምር። ፖሊስ የመጣ ቀን እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። ያስተረጎመልኝ ትልቁ ልጄ ነው። ፖሊሱ «ምን አደረገሽ?» ሲል ልጄ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እሱ አባቱ በሰማበት በእንግሊዝኛ ይናገራል። አንዱ ላይ ዝም አለ፤ ቃሉን አጥቶ ሳይሆን ማለቱን አልፈለገም። አሁን ጎረምሳ ነው፣ አማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። እባካችሁ ልጅ አታስተርጉሙ፤ አስተርጓሚ በስልክ ይመጣል፣ «አማርኛ» ማለት ብቻ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ በዚያው ሌሊት የሚሰጥ የጥበቃ ትእዛዝ አለ፣ ለሦስት ቀን ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ያራዝመዋል፣ በመጨረሻ እስከ ሁለት ዓመት ሊሰጥ ይችላል። እሱን አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን ግን «ባሏን ያሳሰረችው» ሆንኩ። ልጆቼን በሰንበት ትምህርት ቤት ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም ግን ልደት አልጠራቸውም። ሕጉ በደንብ ቢሠራም ሰውን አይተካም። እህትሽ ስትወጣ ከጎኗ የምትቆሚው አንቺ ነሽና ከወሬው ብዛት እንዳትሸሺ።

ጋሽ ተሰማ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ሲስተር ስለ አንገቱ ያለችውን ልቀበል፤ ያ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፣ የሐኪም ነው። ስለ ፖሊስ ግን ሐሳቤ አልተለወጠም፤ እናንተ ጣቢያውን አታውቁትም። «የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ታርቃችሁ ኑ» ብለው ነው የሚመልሷት።

ግን ሽምግልና ማለት መመለስ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ንብረት በሰላም አካፍዬ፣ ልጆቹን ከእናት ጋር አስቀምጬ፣ አባትየው ቀለብ በወሩ እንዲከፍል አስፈርሜ ያለያየኋቸው አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ በዚህ ይላክ። ደግሞም ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጦ «ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ማለት አያስፈልግም። ማታ አብራው የምትገባ ሴት ምን ትናገራለች? በፊት እሷን ብቻዋን፣ በዘመዷ ቤት ስሙ። እሱ አይኑር፣ እናቱም አትኑር።

ሲስተር ዘድንገተኛ

ጋሼ፣ ይህ የመጨረሻው ምክርዎ ተጽፎ የሚቀመጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ለመለያየት ሽማግሌ እንደሚላክ እሱ አስቀድሞ መስማት የለበትም። ከሁሉም የከፋው ጊዜ ልትሄድ መሆኗን ያወቀበት ጊዜ ነው። እሷና ልጆቹ ሌላ ቦታ ካደሩ በኋላ ይላክ። ዘመድ ቤት ካልሆነ፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከነልጆቻቸው የሚቀበልበት መጠለያ አለው፤ በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በፖሊስ በኩል ይደረሳል። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በነፃ ያማክራል፣ አቤቱታም ይጽፋል።

የደሴዋ ታናሽ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለውን ልንገራችሁ።

እህቴ ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ «ልጄን አስከትባለሁ» ብላ ነው የወጣችው። ድምፅዋ አሁንም እንደጎረነነ ነው፣ ለጉሮሮ ሐኪም ተልካለች። ካርዱ ላይ አስጽፋለች። ትሂድ አትሂድ ገና አልወሰነችም፤ «ልጄ ትምህርቱን ይጨርስ፣ ሰኔ ይምጣ» ትላለች። እኔ አላስቸገርኳትም።

እናቴን እትዬ አስካለ እንዳሉኝ ጠየቅኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ የአጎቴን ስም ጠራች፤ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ፣ አውቶብስ መናኸሪያው ጋ ቡና ጠጥቶ፣ አባቴን ፈርቶ ሳይገባ የተመለሰ ወንድሟን። እኛ ይህን ሰምተን አናውቅም። ቀጥላ ግን «እህትሽ ብትመጣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ፤ ስለዚህ አሳመንኳት ብዬ ልዋሽ አልችልም። በማግስቱ ትልቁን ክፍል ስታጸዳ አየኋት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሽማግሌዎቹን ለጊዜው አዘግይተናቸዋል። እህቴ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷንና የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ከዚያ ከስልኳ አጠፋችው። የቤቱን ካርታ ግን እሱ ቢሮው ነው የሚያስቀምጠው። ያለ ካርታ ይቻላል?

ጠበቃ ነኝ፣ ጠበቃህ ግን አይደለሁም

ይቻላል። የካርታው ዋና ቅጂ ባይኖርም ፍርድ ቤቱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። የብሎክና የቤት ቁጥሩን ብቻ በትክክል ትያዝ። ፎቶውን ከስልኳ ማጥፋቷ ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶዎቹ ወደ ሌላ አካውንት በራሳቸው የሚቀመጡ ከሆነና እሱ ያንን የሚከፍት ከሆነ እዚያም ይታያሉ። የስልኳን አካውንት ማን ነው የከፈተላት፣ እሱ ነው?

የደሴዋ ታናሽ

እሱ ነው። አሁኑኑ እደውልላታለሁ።

ጠበቃ ነኝ፣ ጠበቃህ ግን አይደለሁም

በእሷ ስልክ አይደለም። ጎረቤት ካለች በእሷ በኩል አድርጊው፣ እሱ ሥራ እያለ።